ሣሬ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሣል፤ ከሥሩ ያለው ነጭ ትል ምንድን ነው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከቤታችን ጀርባ መጠነኛ የሣር ግቢ አለን፤ 2000 ስኩዌር ጫማ ቢሆን ነው። ባለቤቴ ለዚህ ሣር ያለው ፍቅር ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ስለሚሆን እሱን ልለፈው። ብቻ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ በመንገዳችን ላይ እንደ እኛ ግቢ የለመለመ አልነበረም። የጎረቤቶቻችን ሣር በሙቀቱ ሲገረጣ እኛ ማታ ማታ እናጠጣ ስለነበር አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያየው ነበር።

ኦገስት አጋማሽ ላይ በአጥሩ ጥግ የምጣድ ስፋት ያለው ቢጫ ቦታ ብቅ አለ። ውሃ ጠምቶት ይሆናል ብለን ጨመርንለት። ቢጫው ግን እየሰፋ፣ ሌላም እየተጨመረ፣ አሁን ከሥጋ መጥበሻው አንሥቶ እስከ ልጆቹ ዥዋዥዌ ደርሷል። ይህ ሳያንስ አንዲት ራኩን የምትባል የዱር እንስሳ ልጆቿን አስከትላ ሌሊት እየመጣች ሣሩን ትገለብጠው ጀመር። በካሜራ እናያታለን፤ በሁለት እጇ ነው የምትገልጠው፣ ተረጋግታ፣ ማንም እንደማይከለክላት እያወቀች። ጠዋት ስንወጣ ግማሹ ግቢ ተገላብጦ ይጠብቀናል።

ትናንት የደረቀውን ሣር ጫፉን ይዤ ሳብ ባደርገው ምንም ሳይታገለኝ ተነሣ። ሥር የሚባል አልቀረለትም። ከሥሩ ነጫጭ፣ ወፋፍራም፣ ጭንቅላታቸው ቡናማ፣ የኋላ ጫፋቸው የጠቆረ ትሎች ተኮራምተው ተኝተዋል። እኔ ጮኼ ስሮጥ ትንሿ ልጄ አንዱን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ስም ልታወጣለት ነበር።

አሁን ቤቱ ለሦስት ተከፍሏል። አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋር ናቸው፤ እሳቸው «አመድ ነስንሱበት» ይላሉ። ባለቤቴ መደብሩ ውስጥ በተደረደረው መርዝ ሁሉ ሊያጥበው ተነሥቷል። እኔ ደግሞ ልጆቹ ሣሩ ላይ ሲንከባለሉ ስለሚውሉ የመርዝን ስም መስማት አልፈልግም። በዚያ ላይ ለመስቀል ወዳጅ ዘመድ የሚሰበሰበው እኛ ግቢ ነው። ቄጠማ ጎዝጉዘን ያደግን ሰዎች እንግዳ በባዶ አፈር ላይ አናስተናግድም።

ይህ ትል ምንድን ነው? መርዝ የግድ ነው? ለመስቀልስ ይደርስልናል? ሌላም አለ፤ ሰሞኑን ክንፋቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር የሆነ ትልልቅ ተርቦች ሣሩን ታክከው ሲዞሩ ይውላሉ። ከትሉ ጋር ይገናኛሉ ወይስ ይህ ሌላ መዓት ነው?

ፀሐይ ከአሌክሳንድሪያ

አይዞሽ እህቴ፣ ይህ ነገር በአንቺ አልተጀመረም። እኔ ያለሁት ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ነው። ክሎራንትራኒሊፕሮል የሚባል መድኃኒት አለ፤ እንደ ማዳበሪያ የሚበተን ደቃቅ ፍሬ ነው። በየዓመቱ ሜይ ላይ በመበተኛ ጋሪ እየገፋሁ ግቢዬን አዳርሳለሁ፣ ከዚያ ውሃ አጠጣለሁ፣ አበቃ። ትልም ራኩንም አላየሁም። ከሌሎቹ መርዞች ይልቅ ለንብ የማይከፋ ነው ይባላል። ዛሬውኑ ገዝታችሁ በትኑና ስለ መስቀሉ ምግብ አስቡ።

ጋሽ አካፋ

ልጄ፣ ለባለቤትሽ መርዝ ከመፍቀድሽ በፊት አካፋ ስጪው።

እኔ አገር ቤት የሰብል ጥበቃ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ የጎልፍ ሜዳ ሣር ስንከባከብ ኖሬአለሁ። «ስንዴውን ዋግ መታው» ሲባል ከአልጋው ይነሣ የነበረ ሰው በስተርጅናው ማንም ለማይበላው ሣር እንቅልፍ ማጣቱ ለራሴም ያስቀኛል። ትሉን ግን በደንብ አውቀዋለሁ።

ያየሽው የጥንዚዛ እጭ ነው። ራኩኗም የመጣችው እራቷ እዚያ ስለተቀመጠላት ነው። ነገር ግን ትል መኖሩና ትል መጉዳቱ አንድ አይደሉም። ጤናማ የሆነውን የጎረቤትሽን ግቢ ብትቆፍሪ ጥቂት ታገኛለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ይቆጠር።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ከቢጫው መሃል አትጀምሩ፤ ቢጫውና አረንጓዴው የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጀምሩ። መሃሉ ላይ የሚበላ ሥር ስላለቀ ትሎቹ ወደ ጠርዙ ተሰደዋል። ብዙ ሰው የሞተውን ሣር ቆፍሮ «ትል የለም» እያለ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጫማ በአንድ ጫማ፣ ማለትም 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን በሦስት ጎን በአካፋ ቁረጡና በአራተኛው ጎን በኩል ገልብጡት። ጥልቀቱ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ በዚህ ወር ትሎቹ ሥሩን ሲበሉ የሚውሉት እዚያው ላይ ላዩን ነው። አፈሩን በጣት እየፈረፈራችሁ ቁጠሩ። ስትጨርሱ ሣሩን ወደ ቦታው መልሱ፣ በእግር ጠቅጠቅ አድርጉት፣ አጠጡት፤ ሥር የቀረለት ከሆነ ይድናል። በተለያየ ቦታ ድገሙት፤ ያልተነካ የሚመስለውንም አትዝለሉ።

በአንድ ስኩዌር ጫማ ከ5 በታች ከሆነ አካፋውን አስቀምጡና ቡናችሁን ጠጡ። ከ10 በላይ ከሆነ መላ ያስፈልጋል። በመካከሉ ያለው በሣሩ ጥንካሬ ይወሰናል፤ ሥሩ ጥልቅ የሆነው ቶል ፌስኪው ብዙ ይችላል፣ ኬንታኪ ብሉግራስ ግን ቶሎ ይሸነፋል።

ሁለተኛው ሥራ ትሉን ማወቅ ነው። ጥቂቶቹን አንሥታችሁ መኪና ማቆሚያው ሲሚንቶ ላይ አስቀምጡና ተመልከቱ። ሰውነቱን ዘርግቶ፣ በጀርባው ተገልብጦ፣ እግሮቹን ወደ ሰማይ አንሥቶ በጀርባው እየተሳበ የሚሄድ ካገኛችሁ አረንጓዴው የጁን ጥንዚዛ ነው። ሲያዩት አስቂኝ ነው፣ ልጆቹ ይወዱታል። እሱ በአብዛኛው የሚበላው የበሰበሰ ነገር ነው፤ ትኩስ ፍግ ወይም በደንብ ያልበሰለ ብስባሽ የተደፋበትን ግቢ ይወዳል፤ ሣሩን የሚጎዳውም አፈሩን እየቆፈረ ሥሩን በማላቀቅ ነው። ተኮራምቶ በጎኑ የሚቀር ከሆነ ግን ወይ የጃፓን ጥንዚዛ ነው ወይ ቼፈር የሚባለው ነው። እነዚህን ለመለየት የኋላ ጫፉን በማጉያ መነጽር እዩት። ከታች በኩል ያሉት ትንንሽ ፀጉሮች ሁለት አጫጭር ረድፍ ሠርተው በአንድ ጫፍ ከተገናኙ የጃፓኑ ነው፤ እንዲያው የተበታተኑ ከሆኑ ቼፈር ነው። የስልክ ካሜራም ቢቀርብ ያሳያል።

የጃፓኑ ከሆነ ታሪኩ ረጅም ነው። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ1916 ሪቨርተን በምትባል የኒው ጀርሲ ከተማ ነው። ዕድገቱን የጨረሰው ጥንዚዛ ጭንቅላቱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ክንፉ የመዳብ ቀለም፣ ጎንና ጎኑ ላይ ነጫጭ የፀጉር ነጠብጣብ ያለው ነው፤ ጁን መጨረሻና ጁላይ ላይ ጽጌረዳና ወይን ቅጠል ላይ ተከማችቶ ቅጠሉን ወንፊት ሲያደርገው አይታችሁ ይሆናል። ሴቷ ጁላይና ኦገስት ላይ ወደ ሣር እየወረደች አፈር ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፤ እስከ ኦክቶበር ሥር ይበላል፤ ብርዱ ሲመጣ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጸደይ ተመልሶ ወጥቶ ጥቂት ይበላና ወደ ጥንዚዛነት ይለወጣል። በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ነው።

እንቁላሉ እርጥበት ካላገኘ ይደርቃል። ሴቷ ይህን ታውቃለች። ጎረቤቶችሽ ሣራቸውን በጁላይ ሲያስጠሙት የእናንተ ብቻ እርጥብ ነበር። በመንገዱ ላይ ካለው ግቢ ሁሉ እናንተን የመረጠችው ለዚህ ነው። (ለባለቤትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪው።)

አሁን ወደ ፀሐይ ምክር ልምጣ። ፀሐይ፣ የተናገርሽው ለአንቺ ትክክል ነው፤ ለእሷ ግን በሁለት ምክንያት አይሆንም። አንደኛ፣ ክሎራንትራኒሊፕሮል ቀስ ብሎ ወደ አፈር የሚሰርግ መድኃኒት ነው። ከኤፕሪል እስከ ጁን መጀመሪያ ተበትኖ ትሉ ሲፈለፈል መጠበቅ ነው ሥራው። አሁን ጠግቦ ለወፈረው ትል ዘግይቷል። ሁለተኛ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። ካውንቲው በ2015 ያወጣው ሕግ፣ በፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቶ በ2019 የጸናው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የተለመዱትን ኬሚካሎች በመኖሪያ ቤት ሣር ላይ መርጨት ይከለክላል። የሚፈቀዱት ለተፈጥሮ እርሻ የተፈቀዱትና አነስተኛ አደጋ ያላቸው ተብለው የተመደቡት ናቸው። መደብሩ ዕቃውን ሊሸጥላችሁ ይችላል፤ የሚከለከለው ሣር ላይ ማዋሉ ነው። ባለቤትሽ ጋሪውን ከመሙላቱ በፊት ይህን ያንብብ። ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለውን የነፍሳት መርዝ ያነሣ ሰው ካለ ደግሞ፣ እሱንና ዘመዶቹን ለተራ ሸማች መሸጥ በመላው ሜሪላንድ ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ተገድቧል፤ ምክንያቱ የንብ ጉዳይ ነው።

እና ምን ይደረግ? ቁጥሩ ከ10 በላይ ከሆነ ለእናንተ የሚሆነው ኔማቶድ ነው። በዓይን በጭንቅ የምትታይ ቀጭን የትል ዓይነት ናት፤ ሰውን፣ ውሻን፣ ልጅን አትነካም። አፈር ውስጥ ትሉን ፈልጋ ትገባበታለች፤ ሆዷ ውስጥ የተሸከመችው ባክቴሪያ ትሉን በጥቂት ቀናት ይገድለዋል። ስሙን በትክክል ጻፉት፤ ሄቴሮራብዲቲስ ባክቴሪዮፎራ። መደብሮች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ስታይነርኔማ ካርፖካፕሴ የሚባለውን ነው፤ እሱ አፈሩ ገጽ ላይ አድፍጦ የሚያልፈውን የሚጠብቅ ስለሆነ ሥር ውስጥ ለተቀመጠ ትል ብዙም አይረዳም። ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ገንዘብ የሚፈስበት አያያዙ ነው። በዱቄት መልክ የሚመጣ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አትርሱ። የሠራተኞች ቀን በዓል ስለሆነ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ አትዘዙ፤ ጥቅሉ ሙቅ መኪና ውስጥ ሲጉላላ ይሞታል። እንደደረሰ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይሁን፤ በቶሎም ይጠቀሙበት። ከመርጨታችሁ በፊት ጥቂቱን በውሃ በጥብጣችሁ በማጉያ እዩት፤ የሚወራጩ ከሆነ ሕያው ናቸው፣ ቀጥ ብለው ከቀሩ ሻጩን ገንዘባችሁን ጠይቁት። መርጫው ውስጥ ያለውን ማጣሪያ ወንፊት አውጡት፣ ይይዛቸዋል። መርጫው ከዚህ በፊት የአረም መርዝ የነካው ከሆነ ሌላ ተዋሱ። የፀሐይ ጨረር ይገድላቸዋል፤ ስለዚህ ጀምበር ስትጠልቅ ወይም ደመና ሲሆን ነው የሚረጩት። ሣሩ ቀድሞ ይጠጣ፣ ይረጭ፣ ከዚያ ወዲያው እንደገና ይጠጣ፤ ውሃው ከቅጠሉ ላይ አጥቦ ወደ ሥሩ ያወርዳቸዋል። ለ1000 ስኩዌር ጫማ በተለምዶ ወደ 25 ሚሊዮን የሚጠጋ ነው የሚታሰበው፤ ብዙ መስሎ እንዳያስደነግጣችሁ፣ እፍኝ የማይሞላ ጥቅል ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት አፈሩ እርጥበት አይለየው። አፈሩ ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቅ አለበት፤ ሴፕቴምበር ላይ ይሞቃል።

ሻጩ ሚልኪ ስፖር የሚባል ዱቄትም ያቀርብላችኋል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሚሸጥ ባክቴሪያ ነው። የሚነካው የጃፓን ጥንዚዛን ብቻ ነው፣ አፈር ውስጥ ለመባዛት ዓመታት ይፈልጋል፣ በየምርምሩ የታየው ውጤትም አንድ ወጥ አይደለም። ዋጋው ግን ውድ ነው። እኔ አልገዛም።

ለአማትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አመድ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል እንጂ ትሉን አይነካውም። አፈራችሁ ኮምጣጣ ከሆነ ለሌላ ጉዳይ ይጠቅማል፤ ያንን ግን ተመርምሮ ነው የሚታወቀው።

ንብ አናቢው

ስለ ተርቦቹ እኔ ልመልስ። እህቴ፣ እባክሽ አትግደያቸው። ፊታቸው ጥቁር፣ የኋላ ሆዳቸው ቀይ ቡናማ፣ በላዩ ግራና ቀኝ ሁለት ቢጫ ነጥብ ካላቸው ስኮሊያ ዱቢያ የሚባሉት ናቸው። የሚከላከሉት ጎጆም ሆነ መንጋ የላቸውም፤ ካልያዝሻቸው በቀር ሰውን ለመንደፍ አይቸኩሉም። ሣሩን ታክከው የሚዞሩት ከታች ያለውን ትል ፍለጋ ነው። ሴቷ አፈሩን ቆፍራ ትገባለች፣ ትሉን ነድፋ ታደነዝዛለች፣ እንቁላሏን በላዩ ትጥላለች። የሷ ልጅ ሲፈለፈል የሚበላው ትሉን ነው።

ብዛታቸው የሚነግርሽ ነገርም አለ። አብልጠው የሚሹት አረንጓዴውን የጁን ጥንዚዛ ትል ስለሆነ፣ ግቢሽ ውስጥ እሱም ሳይኖር አይቀርም። ጋሽ አካፋ እንዳሉት ሲሚንቶው ላይ ሞክሪው። እነሱም አበባ ይፈልጋሉ፤ አጥሩ ዳር ጎልደንሮድ ካለሽ አትቁረጪው፣ ሴፕቴምበር ላይ የእነሱም የእኔ ንቦችም ምግብ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባለቤትሽ ምንም ነገር ቢረጭ፣ የተፈቀደም ቢሆን፣ ሣሩ ውስጥ ያለው ነጭ ክሎቨር እያበበ አይርጭ። አስቀድሞ ይጨደው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ አካፋውን ሰጠሁት።

በቢጫው ጠርዝ 14 ወጣ። ሌላው ጠርዝ ላይ 11። ዥዋዥዌው አጠገብ፣ ገና አረንጓዴ ከሆነው ውስጥ፣ 3 ብቻ። ከፊት ለፊት ግቢ፣ ባለቤቴ በማያጠጣው፣ 1 አገኘን። ይህን የመጨረሻውን ሲያይ ዝም ብሎ ቆመ፤ እኔ ምንም አልተናገርኩም።

ሲሚንቶው ላይ ስናሰልፋቸው አብዛኛዎቹ ባሉበት ተኮራምተው ቀሩ። ሁለቱ ግን በጀርባቸው ተገልብጠው ወደ ጥላው ገሰገሱ፤ ልጆቹ ሩጫ አስወዳደሯቸው። አማቴ ከወንበራቸው ተነሥተው መጥተው «በጀርባው የሚሄድ ፍጥረት አይቼ አላውቅም» ብለው አማተቡ። የቀሩትን በስልክ አጉልተን አየናቸው፤ ሁለቱ የፀጉር ረድፎች ልክ እንዳሉት ተገናኝተዋል። የጃፓኑ ነው ማለት ነው።

ኔማቶዱን በስሙ ጽፌ አዝዣለሁ፤ ማክሰኞ እንዲላክ አድርጌአለሁ። አሁን የቀሩኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ግቢውን ሁሉ ልርጭ ወይስ የታመመውን? ዘር መቼ ልዝራ? ራኩኗስ? ባለቤቴ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት የጥንዚዛ ወጥመድ ሊገዛ አይቷል፤ ሽታ ያለው ነገር ከላይ፣ ከረጢት ከታች።

ጋሽ አካፋ

እንዲህ ነው ሥራ። ብዙ ሰው ሳይቆጥር ነው የሚጠይቀኝ።

የታመመውንና ከዳርቻው አንድ ሁለት ሜትር አልፎ ያለውን ብቻ ርጪ። 3 እና 1 የተገኘበትን ተይው፤ ያ ቁጥር ለሣሩ ምንም አይደለም፣ ለተርቦቹም ምግብ ይቅር።

ዘሩን አትጠብቂ፤ ለሜሪላንድ ሣር ከሴፕቴምበር የተሻለ ወር የለም። ኔማቶድም አዲስ ዘርም የሚፈልጉት እርጥብ አፈር ስለሆነ አብረው ይሄዳሉ። መጀመሪያ የሞተውን ሣር በሬክ ጠርጋችሁ አንሡ፣ አፈሩን ጫር ጫር አድርጉ፣ ቶል ፌስኪው ዝሩ። ለባዶ መሬት ለ1000 ስኩዌር ጫማ ከ6 እስከ 8 ፓውንድ ይበቃል። ዘሩ አፈሩን መንካት አለበት፤ በላዩ ተንሳፍፎ ከቀረ ወፍ ትለቅመዋለች። የዘሩን ከረጢት ጀርባ አንብቡ፣ የዘሩ ዓይነትና የአረም ዘር መጠን እዚያ ተጽፏል። ርካሹ ከረጢት ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ የሚኖር ራይግራስ የተሞላ ነው። ሲያድግ ማጨጃውን ከፍ አድርጉት፣ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይቁም። አጭር የተላጨ ሣር ሥሩም አጭር ነው።

ለመስቀል አዲሱ ሣር ይበቅላል፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ አፈሩ አረንጓዴ ይለብሳል። ግን እግር አይችልም። ያንን ቦታ በገመድ ከልሉና እንግዶቹን ወደ ፊት ለፊት ግቢ አዙሯቸው። ቄጠማ ከፈለግሽ እዚያ ጎዝጉዢ።

ራኩኗን በመድኃኒት አትከተሏት። ትሉ ሲያልቅባት ሌላ ግቢ ትፈልጋለች። እስከዚያ አዲስ ዘር በተዘራበት ላይ የዶሮ ሽቦ መሬት ለመሬት ዘርግታችሁ በካስማ ያዙት፤ እጇ አይገባም። ሣሩ ሲበቅል ታነሡታላችሁ።

ወጥመዱን አትግዙ። ሽታው ከሚይዘው በላይ ጥንዚዛ ከሩቅ ይጠራል፤ የተጠራው ሁሉ ከረጢት ውስጥ አይገባም፣ ጽጌረዳሽ ላይ ያርፋል፣ ከዚያም እንቁላሉን ሣርሽ ላይ ይጥላል። ጁላይ ላይ ጠዋት በማለዳ፣ ገና ሳይሞቃቸው፣ ቅርንጫፉን ሳሙና የገባበት ውሃ ላይ ማራገፍ ይበልጣል። ለልጆቹ ሥራ ስጪያቸው።

ማዳበሪያ ከፈለጋችሁ በዚህ ወርና በኦክቶበር ይሁን። ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ሣር ላይ ማዳበሪያ መበተን በሜሪላንድ ሕግ የተከለከለ ነው። በኤፕሪል ስትቆፍሩ ወፋፍራም ትሎች ብታዩ አትደንግጡ፤ ያን ጊዜ ለመግደል አስቸጋሪ ናቸው፣ ጥቂት በልተውም መብላት ያቆማሉ፤ በጸደይ የሚረጭ ሰው ገንዘቡን ነው የሚቀብረው። የማትተማመኑበት ነገር ካለ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን በነጻ ይመልሳል፤ ፎቶ ላኩላቸው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ጋሼ፣ ረጭተን ከቆየን በኋላ ዛሬ ጠዋት ጠርዙን ቆፈርኩ። ከተገኙት ብዙዎቹ ቀለማቸው ወደ ቀይ ቡናማ ተለውጧል፣ ሲነኩ ይላላሉ፣ አይንቀሳቀሱም። ጥቂት ነጫጭ ሕያዋን አሁንም አሉ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው ወይስ ሌላ በሽታ ነው?

ጋሽ አካፋ

ጥሩ ነው። በዚህ ዓይነቱ ኔማቶድ የሞተ ትል የሚቀላው በውስጡ ባለው ባክቴሪያ ምክንያት ነው። ቀዮቹን አታውጪያቸው፣ አዲሶቹ ኔማቶዶች የሚወጡት ከእነሱ ሬሳ ነው። መቶ በመቶ አይጠበቅም፤ ቁጥሩ ከ5 በታች ከወረደ ሣሩ የቀረውን ይችላል።

ፀሐይ ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ እኔን ትንሽ ቅር ብሎኛል። በየዓመቱ ስበትን የኖርኩት በከንቱ ነው ማለት ነው?

ጋሽ አካፋ

በከንቱ ነው አላልኩም፤ ሳትቆጥሪ ነው ያልኩት። አንቺ ዘንድ ሕጉም ይፈቅዳል፣ ጊዜውንም አውቀሽ ነው የምትበትኚው። ግን ትል ያላየሽው መድኃኒቱ ገድሎት ይሁን ድሮም አልነበረ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? በሚቀጥለው ሜይ አንድ ጥግ ሳትበትኚ ተዪ። ኦገስት መጨረሻ ላይ ያንን ጥግ ቆፍረሽ ቁጠሪ። ከ5 በታች ከሆነ ለዚያ ዓመት ገንዘብሽን ለሌላ ነገር አውዪው።

ፀሐይ ከአሌክሳንድሪያ

እሺ ጋሼ። አካፋ ግን የለኝም።

ጋሽ አካፋ

የወጥ ቤት ቢላዋም ሣሩን ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት እንዳትከትፊበት ብቻ።